የቢሮ ዋይፋይ በሽቦ ይጀምራል፦ ከአንድ በላይ አክሰስ ፖይንት ስለመትከል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። ሥራ ሲገኝ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ ሞጣና ብቸናም እሄዳለሁ። የሒሳብ ቢሮ በሉት፣ ክሊኒክ በሉት፣ የቁጠባ ማኅበር በሉት፣ ሁሉም ጋ የሚገጥመኝ ጥያቄ ያው ነው፦ ዋይፋይ የሚረጨው ዕቃ፣ አክሰስ ፖይንት የሚባለው፣ ስንት ይተከል፣ የትና እንዴት ይተከል? አንዱን ነገር በስልክ አሥር ጊዜ ከምደግም ብዬ እዚህ ሰበሰብኩት። ትንሽ ቢሮ ስል ከአራት እስከ አሥራ ምናምን ክፍል ያለውን፣ ሠራተኛው ከሠላሳ አርባ የማይበልጠውን ማለቴ ነው። ባንክና ዩኒቨርሲቲ ሌላ ዓለም ነው።

ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው። አክሰስ ፖይንት ብጨምርበት ይፈጥናል?

መጀመሪያ የታመመው የቱ እንደሆነ እንለይ። ኢንተርኔት ሌላ፣ ዋይፋይ ሌላ ነው። ኢንተርኔት ከቴሌ እስከ ራውተራችሁ የሚመጣው መስመር ነው። ዋይፋይ ደግሞ ከዚያ ወደ ስልካችሁ የምትደርሰው የመጨረሻዋ ጥቂት ሜትር ናት።

ላፕቶፕ ይዛችሁ ራውተሩ ጋ ሂዱ። የላፕቶፑን ዋይፋይ አጥፉና በኬብል ሰክታችሁ ፍጥነቱን ለኩ። የምትከፍሉት ለ10 ሜጋቢት ከሆነና 9 ምናምን ካገኛችሁ መስመሩ ጤነኛ ነው። ፋይል ስታወርዱ 1.2 ሜጋባይት አካባቢ ብቻ ቢያሳይ አትደንግጡ። 8 ቢት 1 ባይት ስለሆነ ሒሳቡ ልክ ነው። አሁን ያንኑ ላፕቶፕ ይዛችሁ «አይሠራም» ወደተባለው ክፍል ግቡና በዋይፋይ ለኩ። እዚያ 1 ሜጋቢት ካሳየ ችግሩ ዋይፋይ ነው፤ ማንበባችሁን ቀጥሉ። በኬብልም 1 ሜጋቢት ካሳየ ግን አክሰስ ፖይንት አትግዙ። ከአንድ ሮቶ ላይ አራት ቧንቧ ቢቀጠል ውሃው አይበዛም።

ስልክ ላይ የሚመጣው «ኮኔክትድ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታል። የቅኔ አገር ሰዎች ነንና በሰምና ወርቅ ላስረዳው። ሰሙ «ተገናኝቻለሁ» ነው። ወርቁ «ከአክሰስ ፖይንቱ ጋር ብቻ» ነው። ከዚያ ወዲያ ስላለው ነገር ስልኩ ምንም ቃል አልገባላችሁም።

ሪፒተር ርካሽ ነው። እሱ አይበቃኝም?

ለመኖሪያ ቤት፣ ማታ ማታ ቪዲዮ ለሚያይ አንድ ሰው፣ እሺ። ለቢሮ አልመክርም። ሪፒተር በአንድ ሬዲዮ ተቀብሎ በዚያው ሬዲዮ መልሶ ስለሚልክ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሰው ደግሞ ሲግናል ጭራሽ በሌለበት ክፍል ይሰካዋል። እሱ ራሱ ያልሰማውን ምን ብሎ ይድገም? ስልኩ ላይ ምልክቱ ሙሉ ይሆናል፤ ገጹ ግን አይከፈትም።

ሜሽ የሚባለው፣ ብዙ ዕቃዎች በአየር ተያይዘው አንድ ዋይፋይ የሚሰጡበት፣ የተሻለ ወንድሙ ነው። በተለይ እርስ በርስ ለማውራት ብቻ የተለየ ሬዲዮ ያለው ከሆነ። አከራዩ ግድግዳ መብሳት በከለከለበት ቢሮ እኔም እጠቀመዋለሁ። ግን ሽቦ መሳብ የሚቻልበት ቦታ ከሆነ፣ ሜሽ ገዝታችሁም ቢሆን በሽቦ አያይዙት።

ስንት አክሰስ ፖይንት ያስፈልገኛል?

ካሬ ሜትሩን ነግሮኝ ቁጥር የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው። እኔ የምቆጥረው ግድግዳ ነው።

ቺፕውድና ጂፕሰም ሲግናልን ብዙም አያስቸግሩም። የተለሰነ ብሎኬት በደንብ ይቀንሰዋል። ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ከዚያ በላይ ይውጠዋል። በሁለት ፎቅ መካከል ያለው ሶሌታ፣ ፌሮው በውስጡ ስላለ፣ የላይኛውን ከታችኛው ሊለያይ ምንም አይቀረው። ስለዚህ ሁለት ፎቅ ያለው ሰው «ከላይ ያለው ለታችም ይደርሳል» ብሎ ባያስብ ጥሩ ነው። ቆርቆሮና ላሜራ ደግሞ አያስገቡም፤ መስታወት ብርሃን እንደሚመልስ ይመልሱታል።

ላሜራ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እዚሁ ማርቆስ አንድ ቢሮ «ጠዋት ይሠራል፣ ከሰዓት ይጠፋል» ብለው ጠሩኝ። ሁለት ቀን ለፋሁ። ራውተሩን ቀየርኩ፣ ቻናሉን ቀየርኩ፣ ምንም የለም። ለካ በሩ ነው! ጠዋት ክፍሉ ይናፈስ ተብሎ የላሜራው በር ተከፍቶ ይውላል። ከሰዓት ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል። በሩ ሲዘጋ ዋይፋዩም አብሮ ይዘጋል። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ በር ዘግቼ ነው የምለካው።

ለመነሻ ይቺን ያዙ። አንድ አክሰስ ፖይንት ላለበት ክፍልና ከአንድ ብሎኬት ግድግዳ ማዶ ላሉት ክፍሎች ይበቃል። ዋይፋይ የሚሠራው በሁለት ሞገድ ነው፤ ሁለት ግድግዳ ካለፈ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ይደክማል። ሌላው፣ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ ትንሽ ራቅ ይላል፣ ግን ሕዝብ የበዛበት ነው። ከዚያ በኋላ ግምቱን ትታችሁ ሞክሩት። አንዱን አክሰስ ፖይንት መሰላል ላይ አስቀምጡና አብሩት። አንድሮይድ ስልክ ላይ ሲግናል የሚለካ ነፃ አፕ ጫኑና በየክፍሉ እየዞሩ ጻፉ። ቁጥሩ በኔጌቲቭ ነው የሚመጣው፣ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። ሠራተኛ በሚቀመጥበት ቦታ ሁሉ ከኔጌቲቭ 67 ዲቢኤም የተሻለ ካገኛችሁ የቴሌግራም ጥሪ እንኳ አይቆራረጥም። ኔጌቲቭ 75 ካያችሁ እዚያ አካባቢ ሌላ አክሰስ ፖይንት ያስፈልጋል።

ሰውንም ቁጠሩ። ሰው ስል ዕቃውን ማለቴ ነው። አሥራ ሁለት ሠራተኛ ማለት አሥራ ሁለት ስልክ፣ ስምንት ላፕቶፕ፣ ሁለት ፕሪንተር፣ የባለጉዳይ ስልክም ሲጨመር ሠላሳ አይቀርም። ካርቶኑ ላይ «መቶ ሰው ይችላል» ቢልም፣ ተራ የቤት ራውተር ላይ ሃያና ሃያ አምስት ሰው በአንዴ ሲሠራበት ማቃሰት ይጀምራል።

የት ልስቀለው?

ሰው በሚበዛበት ክፍል መሃል፣ ኮርኒስ ላይ። ክብ ሳህን የሚመስሉት አክሰስ ፖይንቶች የተሠሩት ከላይ ሆነው ወደ ታች እንዲያዩ ነው። ግድግዳ ላይ ገትሮ መለጠፍ፣ ፋይል ካቢኔት ላይ መወርወር ወይም ከኮርኒሱ በላይ ቆርቆሮው ሥር መደበቅ ሲግናሉን ያባክነዋል።

ኮሪደር ላይ በሰልፍ መደርደርም ፈተና ነው። ለሽቦ ይመቻል፣ ያምራል። ግን አክሰስ ፖይንቶቹ በባዶው ኮሪደር እርስ በርስ ቁልጭ ብለው ይሰማማሉ፤ በክፍሉ ያለው ሰው ግን ከግድግዳና ከበር ጀርባ ነው። መስማት ያለበት ሳይሰማ፣ መስማት የሌለበት ይሰማል ማለት ነው።

እና እባካችሁ፣ ብቸኛውን አክሰስ ፖይንት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ አትስቀሉት። አለቃው «እኔ ጋ እኮ እንደ ጉድ ነው የሚሠራው» ሲሉ ሌላው ሠራተኛ የሚከራከርበት አፍ የለውም።

ዋይፋይ ነው ካልን ሽቦው ለምንድን ነው?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ጥሩ የቢሮ ዋይፋይ ማለት ጥሩ ሽቦ ማለት ነው። እያንዳንዱ አክሰስ ፖይንት ከስዊቹ፣ ኬብሎቹን ሁሉ ከሚያገናኘው ሳጥን፣ የራሱ ኬብል ይምጣለት። አየሩን ለሰዎቹ ልቀቁላቸው፤ አክሰስ ፖይንቶቹ በሽቦ ያውሩ።

ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ይበቃችኋል። ሁለቱም እስከ 100 ሜትር ድረስ ጊጋቢት ያደርሳሉ፤ ለትንሽ ቢሮ ደግሞ 100 ሜትር ከበቂ በላይ ነው። የሚያሳስበኝ የኬብሉ ዓይነት ሳይሆን ውስጡ ነው። ገበያው ላይ ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሞልቷል። ካርቶኑ ላይ ካት 6 ተብሎ ተጽፎበታል፣ ቀለሙም ያምራል፣ ዋጋውም ደስ ይላል። ለማወቅ ቀላል ነው። አንዷን ክር በቢላ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ብር ከመሰለ አሉሚኒየም ነው። ጥቅልሉን አንሡት፤ ከቀለላችሁ ጠርጥሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያጥፉት ቀጭ ይላል። ይህን ኬብል ለፒኦኢ (በኔትወርኩ ኬብል መብራት ለመላክ) ከተጠቀማችሁ መብራቱን መንገድ ላይ ይበላዋል፣ አክሰስ ፖይንቱም ሥራ ሲበዛበት እየጠፋ ይነሣል። ከዚያ በነገር ሁሉ ላይ ትጠረጥራላችሁ እንጂ በኬብሉ ላይ አትጠረጥሩም።

ጫፉን ስትመቱ የቀለሙ ተራ በሁለቱም በኩል አንድ ይሁን። እኛ የምንጠቀመው ቲ 568 ቢ የሚባለውን ነው፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡኒ፣ ቡኒ። ስምንቱም ክር መድረስ አለበት። አራቱ ብቻ ከደረሱ ኔትወርኩ ይሠራል፣ ግን ከ100 ሜጋቢት አያልፍም፤ ማንም ሳያውቀው ዓመት ይቆያል። ርካሽ ቴስተር ይህን በአንድ ደቂቃ ይነግራችኋል።

ኬብሉ ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አይግባ። መስቀለኛ ማለፍ ካለበት ቀጥ ብሎ ያቋርጠው። ኮርኒስ ውስጥ ስትዘረጉት በፕላስቲክ ቱቦ አድርጉት፤ እህል መጋዘን አጠገብ ያለ ቢሮ ከሆነ ደግሞ ያለ ቱቦ አታስቡት። የአይጥ ጥርስ ካት 5 ካት 6 ብሎ አይለይም። በየጫፉ ሁለት ሜትር ያህል ትርፍ ጠቅልላችሁ ተዉ፣ በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ጻፉ።

የዕቃ ዝርዝሩንም ደጋግማችሁ እዩት። አዲስ አበባ መርካቶ ገዝቼ፣ አባይ በረሃን ተሻግሬ፣ ደጀን ስደርስ የኬብል ጫፎቹን ፓኬት ባንኮኒው ላይ መርሳቴን ያስታወስኩበት ቀን አለ። በሚቀጥለው ቀን መኪና እስኪመጣ ድረስ ኬብሉ ከኮርኒሱ ተንጠልጥሎ አደረ።

ፒኦኢ ምንድን ነው? ይጠቅመኛል?

በኔትወርኩ ኬብል ላይ መብራትም አብሮ መላክ ነው። አክሰስ ፖይንቱ አጠገብ ሶኬት አያስፈልግም። ኮርኒስ ላይ ዲቫይደር መጎተት ይቀራል። ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው፤ መብራቱ የሚመጣው ከአንድ ስዊች ስለሆነ፣ ስዊቹን ዩፒኤስ ላይ ስታደርጉት መብራት ሲሄድ ሁሉም አክሰስ ፖይንት ይተርፋል።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ዓይነቱ ነው። ደረጃውን የጠበቀው ፒኦኢ 48 ቮልት አካባቢ ነው፤ መደበኛው በአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት፣ ተከታዩ ደረጃ እስከ 30 ዋት ይሰጣል። ጨዋ ነው፤ በር አንኳኩቶ «መብራት ትፈልጋለህ?» ብሎ ጠይቆ ነው የሚልከው። ፓሲቭ የሚባለው ግን ዘው ብሎ ይገባል። አንዳንዱ 24 ቮልት፣ አንዳንዱ 48 ነው፣ ምንም አይጠይቅም። እኔ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለ24 ቮልት የተሠራ አክሰስ ፖይንት ላይ 48 ፓሲቭ ኢንጀክተር (መብራቱን ኬብሉ ላይ የሚያስገባውን ዕቃ) ሰክቼ አቃጥያለሁ። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ ዋጋውንም ከኪሴ ነው የከፈልኩት። ስለዚህ አክሰስ ፖይንቱ ጀርባና ኢንጀክተሩ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታነጻጽሩ አትሰኩ።

የስዊቹን ጠቅላላ አቅምም እዩ። ስምንት ፖርት አለው ማለት ስምንቱንም ይመግባል ማለት አይደለም። 60 ዋት ያለው ስዊች፣ 12 ዋት የሚበሉ አራት አክሰስ ፖይንቶችን ያለ ችግር ይዞ ይውላል።

ቤት ያለ አሮጌ ራውተር አለኝ። አክሰስ ፖይንት ይሆነኛል?

ይሆናል። በጀት ለሌለው ቢሮ ብዙ ጊዜ የማደርገው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።

ራውተሩን ከማንም ጋር ሳታገናኙ ሪሴት አድርጉ። ላፕቶፕ ብቻ በኬብል ሰኩበት። ሴቲንጉ ውስጥ «አክሰስ ፖይንት ሞድ» የሚል ካለ እሱን ምረጡና ተገላገሉ። ከሌለ በእጅ ነው። መጀመሪያ አይፒውን፣ ማለትም የኔትወርክ አድራሻውን፣ ቀይሩ። ዋናው ራውተር 192.168.1.1 ከሆነ ይሄኛው 192.168.1.2 ይሁን። ከዚያ ዲኤችሲፒን፣ ለየዕቃው አይፒ የሚያድለውን፣ አጥፉ። የዋይፋዩን ስምና ፓስወርድ አስገቡ። በመጨረሻ ከስዊቹ የመጣውን ኬብል ከላን ፖርቶቹ በአንዱ ሰኩት። ዋን የሚለውን ፖርት፣ ብዙ ጊዜ ቀለሙ የተለየውን፣ አትንኩት።

ዋን ላይ ከሰካችሁት ምን ይሆናል? ኢንተርኔት ይሠራል፤ ለዚህ ነው ሰው የማይነቃበት። ግን ራውተሩ የራሱን ትንሽ መንደር ይመሠርታል። በእሱ በኩል የገባው ላፕቶፕ በወዲያኛው በኩል ላሉት አይታይም። ፕሪንተር ይጠፋል፣ የጋራ ፎልደር ይጠፋል፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ከሌላው ኮምፒውተር አይከፈትም። ከክፍል ክፍል እየሄደ በስልክ የሚያወራ ሰውም ይቋረጥበታል።

ዲኤችሲፒውን ሳታጠፉ ላን ላይ ከሰካችሁት ደግሞ የባሰ ነው። ለአንድ ቢሮ ሁለት አይፒ አዳይ ይኖረዋል። ቀድሞ የመለሰው ያድላል። ሰኞ ጠዋት ግማሹ ሠራተኛ ሲሠራ ግማሹ ይቆማል፣ ሪስታርት ሲያደርጉ ይገለባበጣል። «ቢሮው ውስጥ አዲስ ዕቃ የሰካ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንዱ ቅን ሠራተኛ ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ጠረጴዛው ሥር ሰክቷል።

ስሙ አንድ ይሁን ወይስ «ቢሮ 1»፣ «ቢሮ 2» እያልኩ ልለየው?

አንድ ስም፣ አንድ ፓስወርድ፣ አንድ ዓይነት ሴኩሪቲ። ያኔ ስልኩ ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ከለያያችሁት ሠራተኛው በየክፍሉ በእጁ ሲመርጥ ይኖራል።

«አንድ አድርጌው ስልኬ ግን ሩቁን አክሰስ ፖይንት ይዞ አልለቅ ይላል» የሚል ቅሬታም አለ። እውነት ነው። የሚሸጋገረው መቼ እንደሆነ የሚወስነው ስልኩ እንጂ አክሰስ ፖይንቱ አይደለም። አንዳንድ ስልክ ደግሞ ድርቅ ያለ ነው፤ የያዘው ሲግናል ሊሞት እስኪል አይለቅም። እዚህ ላይ ሰው የሚሠራው ስህተት የአክሰስ ፖይንቱን ጉልበት እስከ ጣሪያው መጨመር ነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ኮረብታ ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ የሚጣራን ሰው አስቡ። እናንተ ትሰሙታላችሁ። መልሳችሁን ግን እሱ አይሰማም፣ የእናንተ ድምፅ ባዶ ጉሮሮ ነው። ስልክም እንደዚያ ነው፤ አቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ጉልበቱን ወደ መካከለኛ፣ የ2.4ን ደግሞ ወደ ዝቅተኛ አውርዱት። ስልኩ ራቅ ሲል ቶሎ ይደክምበትና የቅርቡን ይፈልጋል።

አክሰስ ፖይንቶቹ አንድ ዓይነት ከሆኑና የጋራ መቆጣጠሪያ ካላቸው፣ ለምሳሌ የቲፒ-ሊንክ ኦማዳ ወይም የዩቢኪቲ ዩኒፋይ፣ ሽግግሩን የሚያግዙ 802.11 ኬ፣ ቪ እና አር የሚባሉ ነገሮች አሏቸው። ኬንና ቪን አብሩ። አርን ግን አብርታችሁ ሞክሩ፤ አንዳንድ አሮጌ ስልክና ፕሪንተር ይኮርፍበታል።

ቻናል ምንድን ነው? «ኦቶ» ላይ ብተወውስ?

ቻናል አክሰስ ፖይንቱ የሚያወራበት የአየር መስመር ነው። ለአንድ አክሰስ ፖይንት ኦቶ ይበቃል። ለሦስት ግን በእጅ መመደብ ይሻላል።

በ2.4 ጊጋኸርዝ የማይደራረቡት ሦስት ቻናሎች ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ሦስት አክሰስ ፖይንት ካላችሁ ለየአንዳንዱ አንድ። አራተኛው ከራቀው ጋር ይጋራ። «1 ሞልቷል፣ 3 ባዶ ነው» ብላችሁ 3 ላይ እንዳትገቡ። አንድ ቻናል የሚጋሩ አክሰስ ፖይንቶች እንደ እቁብተኛ ናቸው፤ ይተያያሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ። 1 እና 3 ላይ ያሉት ግን ከጎን ቤት እንደሚመጣ ጫጫታ ናቸው፤ የሚባለው አይሰማም፣ ተራም የለም፣ ሁለቱም ይበላሻሉ። የቻናሉ ስፋት በ2.4 ላይ 20 ሜጋኸርዝ ይሁን።

5 ጊጋኸርዝ ሰፊ ሜዳ ነው። ከ36 እስከ 48፣ ከዚያ ከ149 እስከ 161 ያሉትን ተጠቀሙ። ስፋቱን 80 ማድረግ ለፍጥነት ፈተና ያምራል፤ አክሰስ ፖይንት ሲበዛ ግን 40 ላይ ሰላም ታገኛላችሁ። የኢንተርኔታችሁ ፓኬጅ 10 ወይም 20 ሜጋቢት ከሆነ 80 የሚጨምርላችሁ ነገር የለም።

ለባለጉዳይ የተለየ ዋይፋይ ልክፈት?

ክፈቱ። ባለጉዳዩ የሒሳብ ኮምፒውተሩ ባለበት ኔትወርክ ውስጥ ምን ይሠራል? «ገስት» የሚለውን አብሩ፣ ፍጥነቱን ገድቡ፣ ወደ ውስጥ እንዳያይ የሚከለክለውን ምልክት አድርጉ። አሮጌ ራውተርን አክሰስ ፖይንት ካደረጋችሁት ግን የገስቱ አጥር ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ቪላን (አንዱን ኔትወርክ ለሁለት መክፈል) የሚችሉ አክሰስ ፖይንቶችና ስዊች ያስፈልጋሉ። የዋይፋይ ስም አታብዙ። እያንዳንዱ ስም በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል «አለሁ» እያለ አየሩን ይይዛል። ለሠራተኛ አንድ፣ ለእንግዳ አንድ ይበቃል።

ሴኩሪቲውስ?

ደብሊውፒኤ 2 ከኤኢኤስ ጋር፣ ወይም ሁሉም ስልክ ከቻለ ደብሊውፒኤ 3። ቲኪፕ የሚለውን አትምረጡ፤ ደካማ ከመሆኑም በላይ ፍጥነቱን 54 ሜጋቢት ላይ ያስረዋል። ደብሊውፒኤስ የሚለውን አጥፉ። የራውተሩን የመግቢያ ፓስወርድ ቀይሩ። ሠራተኛ ሲለቅ የዋይፋዩንም ቀይሩ።

መብራትና መብረቅን ምን ላድርጋቸው?

ራውተሩ፣ ስዊቹና ፒኦኢው አንድ ቦታ ሆነው አንድ ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ። 650 ቪኤ የሆነች ትንሿ ዩፒኤስ ኮምፒውተር ካልጫናችሁባት ግማሽ ሰዓት ያህል ልትይዝ ትችላለች። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ እንኳ የውስጥ ኔትወርኩ ይሠራል፤ ፕሪንት ማድረግም ፋይል መለዋወጥም አይቆምም። ይህን የማያውቅ ሰው ኢንተርኔት ሲሄድ ሁሉንም ነቅሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በየቀኑ ምሳ ሰዓት አካባቢ ራውተሩ ራሱን የሚያጠፋና የሚያበራ ከሆነ ግቢው ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ፈልጉ። ምጣድ በሺዎች ዋት የሚቆጠር ኃይል ይስባል። በአንድ ደካማ መስመር ላይ ከሆናችሁ እንጀራው ሲጋገር ቮልቴጁ ይወርዳል። ዩፒኤሱ ለዚህም መድኃኒት ነው።

መብረቅ ግን ቀልድ የለውም። የጎጃምን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል። መብረቁ በቀጥታ መምታት አይጠበቅበትም፤ አጠገብ ሲወርድ በውጭ የተዘረጋ የመዳብ ኬብል ላይ የሚፈጠረው ጉልበት ስዊቹን ለማቃጠል ይበቃል። የሕንፃው ምድር መስመር መኖሩን በኤሌክትሪሺያን አስፈትሹ። ነጎድጓድ ሳይጀምር ከመብራቱ ብቻ ሳይሆን ከውጭ የሚመጣውንም የስልክ መስመር ንቀሉ።

ግቢው ውስጥ ሁለተኛ ቤት አለን። እዚያስ እንዴት ይደርሳል?

ካት 6 ከጣሪያ ወደ ጣሪያ አታንጠልጥሉ፤ ምክንያቱን አሁን ነገርኳችሁ። ፋይበር ብትዘረጉ ከሁሉም ይሻላል። በውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ብረት ስለሌለ መብረቁ በእሱ በኩል አይሻገርም። ሁለተኛው ምርጫ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት የውጭ አንቴናዎች ናቸው፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ከዚያ ማዶ ባለው ቤት ሌላ አክሰስ ፖይንት ትሰቅላላችሁ።

አንቴናዎቹ መተያየት አለባቸው። ባሕር ዛፍ መሃል ከገባ፣ በተለይ ቅጠሉ በዝናብ ሲርስ፣ ሲግናሉን ይጠጣዋል። ወደ እንጅባራ በኩል ደግሞ የዲከረንስ ጉዳይ አለ። ገበሬው ለከሰል የሚተክለው ዛፍ ቶሎ ያድጋል። አንዴ ከአንድ ቢሮ ወደ መጋዘናቸው አንቴና ስንገጥም በመሃል ያለው ማሳ ላይ ችግኝ ነበር፣ እስከ ጉልበት። በሁለተኛው ዓመት «አንቴናው ተበላሸ» ብለው ጠሩኝ። አንቴናው ምንም አልሆነም። ማሳው ደን ሆኗል። ምሰሶውን ማስረዘም ነበረብን።

ሁሉም በአንዴ ቆመ። የስዊቹ መብራት ሁሉ በአንድነት ብልጭ ድርግም ይላል። ምንድን ነው?

ብዙውን ጊዜ ሉፕ ነው። አንዱ ኬብል መሬት ወድቆ አይቶ «ተነቅሏል» ብሎ ሁለተኛውንም ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ሰክቶታል። መልእክቱ እየዞረ ይበዛና ኔትወርኩን ያንቀዋል። ኬብሎቹን አንድ በአንድ ንቀሉ፤ የቱ ሲነቀል እንደሚረጋጋ እዩ። ሽቦ አልባ ሜሽን በኬብልም ደርቦ ማገናኘት ተመሳሳይ ችግር ሊያመጣ ይችላል።

በጀቴ ትንሽ ነው። ገንዘቤን የት ላድርገው?

መጀመሪያ ኬብሉ ላይ። አክሰስ ፖይንት በአራት በአምስት ዓመት ይቀየራል፤ ግድግዳ ውስጥ የገባ ኬብል ግን ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ተከራይም ይጠቀምበታል። ቀጥሎ ስዊቹና ዩፒኤሱ። አክሰስ ፖይንቱ መካከለኛ ቢሆን ምንም አይደል። ዋይፋይ 6 ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘም ሁለቱንም ሞገድ፣ 2.4ንም 5ንም፣ የሚሰጥ ዋይፋይ 5 ለትንሽ ቢሮ በቂ ነው። ሦስት መካከለኛ አክሰስ ፖይንት ከአንድ ባለ ስምንት አንቴና ጭራቅ ይሻላል።

ሥራው ሲያልቅ ከባለሙያው ምን ልቀበል?

አንድ ወረቀት። የትኛው ኬብል ወዴት እንደሚሄድ፣ የየአክሰስ ፖይንቱ አይፒና ቻናል፣ የተሰቀለበት ክፍል፣ የመግቢያ ስም። ፓስወርዱ በሌላ ወረቀት ሆኖ ከቢሮው ቁልፎች ጋር ይቀመጥ። የመጀመሪያውን ወረቀት በስዊቹ ሳጥን በር ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት። በእስክርቢቶ ይጻፍ፤ በእርሳስ የጻፍኩትን አንዱን በሁለተኛው ዓመት ስመለስ ላነበው አልቻልኩም።